በዝይዋ ቤት «በልተናል» ያልን ቀን

ትናንት ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ የገጠር ማደሪያ እየያዝኩ ነበር። ስም ጠየቀኝ፣ ቀን ጠየቀኝ፣ ስንት ሰው እንደሆንን ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ «እራት ይፈልጋሉ?» የሚል መጣና ከሥሩ ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጠኝ፤ «አዎ» እና «አይ»። ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ምን ብዬ ልንገረው? እዚያው ቤት፣ ለዚሁ ጥያቄ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤተሰቤ በሙሉ «አይ» ብሎ ጦሙን ሊያድር ምንም እንዳልቀረው ለፈረንጅ እንዴት ይነገራል?

ያን ጊዜ የምንኖረው ለንደን፣ ኬኒንግተን ውስጥ፣ ከኦቫል የክሪኬት ሜዳ ብዙም በማይርቅ፣ ካውንስሉ በሚያከራየው ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ ጌታቸው አውቶቡስ ይነዳል፤ እናቴ አልማዝ ሆስፒታል ትሠራለች። ሁለቱም እሑድ እሑድ ፊንስበሪ ፓርክ ድረስ ሄደው በአማርኛ የሚያመልኩ ጴንጤዎች ነበሩ፤ አባቴማ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ከእኛ ሥር ባለው ቤት እማማ ለተብርሃን ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኤርትራዊት ናቸው፤ በጃንሆይ ዘመን አስመራ የተማሩ፣ አማርኛቸው የመጽሐፍ የሚመስል፣ ረቡዕና ዓርብን የማያፈርሱ ኦርቶዶክስ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ዮናስ ስዊድን ነው የሚኖረው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ የምገባው እሳቸው ቤት ነበር። የዚያ ቤት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። የብርቱካን ልጣጭ ማሞቂያው ላይ ደርድረው ያደርቁ ስለነበር በሩን ስከፍት ሙቀትና ብርቱካን አንድ ላይ ይቀበሉኛል። ስኮፓ የሚባለውን የጣልያን ካርታ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ካርታ የሰይጣን ነው ብሎ ስለሚያምን ኮቴው ደረጃው ላይ ሲሰማ ካርታው ትራስ ሥር ይገባል፣ የሒሳብ ደብተሬ ይከፈታል፣ እማማም ኮስተር ብለው «ሰባት ሲደመር ስምንት?» ይሉኛል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያመሰግናቸዋል። ዛሬ ድረስ ሒሳብ እማማ እንዳስተማሩኝ ያምናል።

በእማማ ቤት ምግብ በአንድ ጥያቄ አይቀርብም። «ሶሲ፣ ብዪ» ይሉኛል፤ «ጠገብኩ» እላለሁ። «ኧረ ብዪ» ይላሉ፤ «እውነቴን ነው» እላለሁ። «በሞቴ!» ሲሉ አፌን እከፍታለሁ። ለንደን የተወለድኩ ልጅ ብሆንም መግደርደርን ጠንቅቄ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው፤ እኔ የጨዋታ ሕግ ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት ግን «በሞቴ» የሚባል ቃል በሩን አልፎ አይገባም። አባቴ «ሞታችንን ክርስቶስ ወስዶታል፤ ለጉርሻ ብለን አንጠራውም» ይል ነበር። እማማ እኛ ቤት መጥተው ሲያመልጣቸው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እሳቸውም አልሰማሁም ብለው ይደግሙታል።

በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት እማማ የፎቁ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ዮናስ ሰማና ደንግጦ «ነይ፣ እኔ ጋ ኑሪ» አላቸው። ጄሶው በወለቀ ሰሞን እኛ ቤት መጡ፤ ሻያቸውን ጠጥተው ስኒውን አስቀመጡና «እንግዲህ እኔም ልጄ ዘንድ መሄዴ ነው» አሉ። ከዚያ ስኒውን ማስቀመጫው ላይ ያዞሩት ጀመር። አባቴ ትንሽ አሰበና «ከልጅ የሚበልጥ የለም፤ እግዚአብሔር መንገድዎን ያቅናልዎት» አለ። እናቴም «እንደሚመችዎት፣ እማማ» አለች። በቃ፣ አለቀ። እኔ ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅሁ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት አየሁ፤ ምንም አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ጊዜ መሮጥ ጀመረ። እማማ ቤቱን ለሚያከራየው ሃውዚንግ እለቃለሁ ብለው ኖቲስ ሰጡ። ቤታቸው ካርቶን በካርቶን ሆነ፤ ማሞቂያው ላይ ልጣጭ ጠፋ፤ ካርታችንም የሆነ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተከደነበት። አንድ ቀን አባቴ ኩሽና ውስጥ ለእናቴ «ከገዛ ልጃቸው ልነጥላቸው ነው? በሰው ሕይወት እንዴት እገባለሁ?» ሲላት ሰማሁት። በሰው ሕይወት አለመግባትን የተማረው እዚህ አገር ነው። እናቴ ሳህኗን ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ግን ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እማማ የሌሉበት ፎቅ እየታየኝ ትራሴን አቅፌ አለቅስ ነበር።

የቤታቸውን ቁልፍ የሚያስረክቡት በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሰኞ ላይ ነበር። አባቴ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ እማማ ሁሉን መብላት ሲችሉ፣ መሸኛ እንዲሆን ባሕርና ገጠር ሊያሳየን ወሰነ። እማማ ያን ሁሉ ዓመት እንግሊዝ ኖረው ከለንደን ወጥተው አያውቁም ነበር። አባቴ የሥራ ባልደረባውን ማደሪያ ጠየቀ። ሰውዬው ምግቡ ጥሩ፣ አልጋው ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ የገጠር ቤት አውቃለሁ አለው፤ አባቴም ደውሎ ሁለት ክፍል ያዘ። ባልደረባው ቤቱ መጠጥ ቤት መሆኑን አልነገረውም። ለእንግሊዝ ሰው እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም፤ የገጠር ማደሪያ ማለት ታች መጠጥ፣ ላይ አልጋ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከአባቴ በስተቀር።

በአሮጌዋ ቶዮታችን ሄድን። እማማ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠው በግ ባዩ ቁጥር «ጌታቸው፣ ቀስ በል» ይሉ ነበር፤ በጎቹ ከአጥር ማዶ መሆናቸው አላሳመናቸውም። ባሕሩ ዳር ጠጠሩ ላይ ስንሄድ ዋልን። ቀትር ላይ ከበላነው ዳቦ በእንቁላል ወዲህ ምንም አልቀመስንም፤ የባሕር ነፋስ ደግሞ ሆድ ይቆፍራል። ወደ ማደሪያው ስንዞር ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ እኔ ግን ራሴን ልስት ነበር።

ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ነጭ፣ አበባ በየመስኮቱ የተንጠለጠለበት ነው። ከበሩ በላይ ነጭ ዝይ የተሳለችበት ሰሌዳ በነፋሱ ይወዛወዛል። ከሰሌዳው ሥር ረጃጅም ወንበሮች ላይ ቀያይ ፊት ያላቸው ሰዎች ትላልቅ የቢራ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። አባቴ ሁለቱን ሻንጣ እንደያዘ ቆመ።

«አልማዝ፣ ይሄ መጠጥ ቤት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አየሁት።»

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያየኝስ?»

«ከፊንስበሪ ፓርክ እዚህ ድረስ ማን ይመጣል? በጎቹ ናቸው የሚያዩህ» አለች እናቴ።

አባቴ አልሳቀም። መኪናው ውስጥ እናድራለን ሊል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እማማ ቀደሙት። ሰሌዳውን፣ መስኮቶቹን፣ ከኋላ የሚታየውን አንሶላ የተሰጣበት ገመድ አዩ፤ ፊታቸው ላይ ለወራት ያላየሁት ነገር መጣ። «ጌታቸው ልጄ» አሉ፣ «ይሄማ አልቤርጎ ነው!» ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቀድመውን ገቡ።

ለካ እማማ በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ጊንዳ ላይ ሆቴል ነበራቸው። ጊንዳ ከአስመራ ወደ ምፅዋ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከሙቀቱ ወጥተው የሚያርፉባት። ከፊት ምግብና መጠጥ፣ ከጓሮ አልጋ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንስተውልን አያውቁም። ያን ቀን ግን ወደ ክፍላችን ስንወጣ የደረጃውን መደገፊያ እየዳበሱ፣ አንሶላውን አንስተው እያሸተቱ፣ «ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው፤ ጎበዝ ሴት ናት» እያሉ ነገሩን። «መንገዱ በጦርነቱ ሲዘጋ ቤቱም ተዘጋ» አሉና ትራሱን መታ መታ አድርገው አስተካከሉት። አባቴ በዚህ መሐል ራሱን የጣራው ግንድ ላይ ገጭቶ «ኢየሱስ!» አለ፤ እማማ «እንኳን ስሙን ጠራህበት፤ ቤቱ ተባረከ» አሉት።

ተጣጥበን ወደ ታች ወረድን። ጣራው ዝቅተኛ፣ ምንጣፉ ቀይ፣ ነሐሴ ሆኖም እሳት የሚነድበት ምድጃ፣ ከምድጃው ፊት ተዘርግቶ የተኛ ሽማግሌ ውሻ። የእንጨት ጭስ፣ ቢራና ትኩስ ድንች ላይ የፈሰሰ ኮምጣጤ ተቀላቅሎ ይሸታል። አባቴ ጀርባውን ለመጠጡ ሰጥቶ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ መረጠ። የቤቱ ባለቤት ዶሪን መጣች፤ ሰፊ፣ ፈገግተኛ፣ እጅጌዋን የጠቀለለች ሴት።

«እራት ትፈልጋላችሁ?» አለችን።

አባቴ ሳያስበው «አይ፣ አይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ደህና ነን» አላት። እናቴ «መንገድ ላይ በልተናል» ስትል አከለች። እማማም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፤ ይበቃናል ማለታቸው ነው። እኔም ወጉን ስለማውቅ እግሬን እያወዛወዝኩ ዝም አልኩ። ዶሪን «መልካም» አለችና ሄደች።

እኛም ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርን።

አጠገባችን ያሉት ባልና ሚስት እንፋሎቱ የሚንቦለቦል የሥጋ ፓይ መጣላቸው። ሽማግሌው ውሻ እንኳ ብድግ ብሎ ሄዶ አሸተተ። ዶሪን በእኛ በኩል ስትመጣ አባቴ ሸሚዙን አስተካክሎ ቀና አለ፤ ፈገግ ብላልን አለፈች። ስትመለስ ጠረጴዛችንን በጨርቅ ጠረገችልን፤ እናቴ «አመሰግናለሁ» ያለችበት ድምፅ ልመና ነበረበት። አሁንም ሄደች። አሳ ሲያልፍ አየን፣ ሾርባ ሲያልፍ አየን፣ ክሬም የፈሰሰበት የፖም ኬክ ሲያልፍ አየን። «እማዬ፣ ሀንግሪ ነኝ» አልኩ በሹክሹክታ። «ቆይ፣ አሁን ትጠይቀናለች» አለችኝ። አባቴም «ትጠይቃለች» አለ፤ አውቶቡስ ሲዘገይ ተሳፋሪ የሚያረጋጋበት ድምፁ ነበር። በመጨረሻ ከኩሽና ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ወጣ፤ ሽርጡን ፈትቶ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ ለዶሪን ደህና እደሪ ብሎ በበሩ ወጥቶ ሄደ። ወጥ ቤቱ ነበር።

አራታችንም በሩን አየን። ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። በአፍንጫቸው ጀምሮ ትከሻቸው ላይ ደረሰ፤ እናቴ ተከተለች፤ አባቴም ሊገባበት ባልፈለገው ቤት ውስጥ ሳቀ። እማማ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «አዬ ጊንዳ!» አሉ። «አንድ ሾፌር ‹በልቻለሁ› ሲለኝ ሳህኑን ይዤ ነበር የምመጣው። በልቻለሁ ያለውን ሰው ሁሉ አምኜ ቢሆን ኖሮ መንገዱ በረሃብተኛ ይሞላ ነበር።» ሳቃቸው ቀስ ብሎ አለቀ፤ እንባው ግን አላለቀም።

እኔ ሆዴ ባዶ ነው፣ ጭንቅላቴ ግን ይሠራ ነበር። አንድ ነገር መጣልኝና ሳላላምጠው ተናገርኩት።

«እማማ፣ ታዲያ እርስዎም ‹እሄዳለሁ› ያሉት እየተግደረደሩ ነው?»

እናቴ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ጨመቀችው። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ያጥፉና ይዘረጉ ጀመር። አባቴ ያያቸው ነበር። አባቴ እንደዚያ ሲያይ አላውቅም፤ መንገድ የሳተ ሰው ከኋላው ያለፈውን መታጠፊያ እንደሚያስታውስ ዓይነት። ወንበሩን ገፋ አደረገና ወደ እሳቸው ዘንበል አለ።

«እማማ ለተብርሃን» አለ፣ «በሞቴ፣ አይሂዱ።»

የእናቴ አፍ ተከፈተ። እኔም ደነገጥኩ፤ አባቴ የሆነ ነገር የሚሆን መስሎኝ ጣራውን ሁሉ አየሁ። ቤታችን በር ላይ የሚቆመው ያ ቃል ከአባቴ አፍ ወጣ፤ ያውም መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ያውም ለጉርሻ አይደለም።

እማማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ። ልጄም ይጠብቀኛል። አርጅቻለሁ፤ ዛሬ እጄ ነው፣ ነገ እግሬ ነው። ሸክም አልሆንባችሁም።» ብድግ አሉና «አሁን ይህችን ልጅ ሳናበላ ወሬ የለም» ብለው ወደ መጠጥ ማቅረቢያው ሄዱ። በዚያች ጥቂት እንግሊዝኛቸው ዶሪንን «እኛ አይ እንላለን፤ አንቺ እንደገና ትጠይቂያለሽ» አሏት። ዶሪን ግራ ገብቷት «እናንተ እኮ አይ አላችሁኝ» አለች። «አዎ። እንደገና ጠይቂ» አሉ እማማ። ዶሪን እኔን አየችኝ፤ ፊቴ ላይ ያለውን አነበበችና ሳቋን ለቀቀችው። ሁለቱ ሴቶች አብረው ኩሽና ገቡ። የመጥበሻ ድምፅ ተሰማ። እማማ ከውስጥ በትግርኛ አንድ ነገር ሲሉ፣ ዶሪን በእንግሊዝኛ ስትመልስ፣ ደግሞ ሁለቱም ሲስቁ ሰማን።

ይዘው የመጡት የቀረ ፓይ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ አይብ፣ ኮምጣጤ የገባ ሽንኩርትና አንድ ሙሉ ዳቦ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ትልቅ ሳህን። አባቴ ባረከው። አራታችን ከአንድ ሳህን ስንበላ የአካባቢው ሰዎች በአክብሮት እንዳላየ ሆኑ። ዶሪን መጥታ «ይጨመር?» አለች፤ አባቴ ከልማድ «አይ፣ በቃን» አላት። ሊጸጽተው ሲል ወገቧን ይዛ እዚያው ቆመች። «ይጨመር?» አለች ዳግመኛ። እማማ በእጃቸው አጨበጨቡላት።

ያ እራት ጣፈጠኝ፣ ሆኖም ልቤ አልተረጋጋም። ከእማማ ጋር በአንድ ክፍል ነበር የተኛነው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጸሎታቸውን ሲያደርሱ እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብ አድርጌ አዳምጣቸው ነበር። አባቴ ለምኖ እንኳ አይ ብለዋል፤ ሰኞ ደግሞ ደርሷል። አባቴ ደግሞ የሰው ሕይወት ውስጥ የማይገባ ሰው ነው። አንዴ ከጠየቀ በቃው ብዬ ተስፋ ቆርጬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጧት ከእማማ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንወርድ አባቴን ከደረጃው ሥር ቆሞ አገኘነው። እሑድ ስለሆነ ክራቫት አስሯል፤ ጉባኤ የቀረበት የመጀመሪያ እሑዱ ነበር። ጓሮው ውስጥ ሲጸልይ ቆይቶ ጫማው በጤዛ ርሷል። ግንባሩ ላይ ግንዱ የገጨው ቦታ አብጧል።

«እማማ፣ ትናንት ያሉኝን አልተቀበልኩትም» አለ። «ከዮናስ ጋር መኖር ልብዎ የሚፈልገው ከሆነ እኔው ራሴ ኤርፖርት አደርስዎታለሁ። ካልሆነ ግን፣ በሞቴ፣ ከዚህ ቤት ሳንወጣ ይንገሩኝ። ሸክም ያሉትን ደግሞ እንዳይደግሙት። ሶሲን ማን አሳደገልን?»

እማማ መደገፊያውን ያዙ። ከላይኛው ደረጃ ስለቆሙ እኩል ለእኩል ነበር የሚተያዩት። «ዮናስ መልካም ልጅ ነው» አሉ። «ግን እሱም ሚስቱም ሲነጋ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። እኔ እዚያ በመስኮት በረዶ ሳይ ልውል ነው። ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ በሬን የምትደበድብ ልጅ የለችኝም።» «ሻያችንን እየጠጣን የነገርኳችሁ ቀን፣ አንዳችሁ አንድ ጊዜ ‹ይቅር› ትሉኛላችሁ ብዬ ስኒውን ስንት ጊዜ አዞርኩት መሰለህ።»

«እኔ ደግሞ ከልብዎ መስሎኝ» አለ አባቴ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ተው፣ ተነስ» አሉት እማማ። ፊታቸውን ጠርገው፣ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ «አልሄድም» አሉ።

በዚያው ቅጽበት ዶሪን ከኩሽና አንገቷን አወጣችና «ቁርስ ትፈልጋላችሁ?» አለች። እናቴ ከላይ፣ አባቴ ከታች፣ እኔና እማማ ከመሐል፣ አራታችንም በአንድ ድምፅ «አዎ!» አልን። ሴትየዋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

ሰኞ አባቴ ከሥራ ቀርቶ ለሃውዚንግ ደወለ። ያን ሙዚቃቸውን እያስደመጡ ብዙ አስጠበቁት፤ እሱም «ኖቲሱ ካንስል ይደረግልን፤ ቁልፉ እኮ አሁንም በእጃችን ነው» እያለ አንዱን ሲጨርስ ለሌላው ያስረዳ ነበር። መጀመሪያ አይሆንም አሉት። እሱ ግን ከቅዳሜው ተምሯል፤ የመጀመሪያውን አይ ተቀብሎ ስልኩን አልዘጋም። ማምሻውን እኔና እማማ ካርቶኖቹን መፍታት ጀመርን፤ ካርታውን ያገኘሁት ከድስቶቹ ሥር ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ዮናስ ከነልጆቹ ሊጠይቃቸው መጣ፣ እሱንም ይዘነው ዝይዋ ቤት ሄድን። እናቱ ኩሽና ገብተው ከዶሪን ጋር ሲሟገቱ ቆሞ አያቸውና «እማ እንዲህ ትስቅ ነበር እንዴ?» አለን።

እነሆ አሁን እኔ ሃክኒ ነው የምኖረው፤ የራሴም ልጆች አሉኝ። ዝይዋም አለች፤ ቀለሟን አድሰውላታል። ዶሪን ጡረታ ወጥታ ቤቱን ልጇ ይዛዋለች። ብዙ የገጠር ማደሪያዎች በር ላይ ጣውላ ተመትቶ ባየሁ ቁጥር ይህች ቤት እስከ ዛሬ ምድጃዋን በማንደዷ ደስ ይለኛል። አባቴም ዝንጅብል መጠጡን ይዞ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙሮ መቀመጥ ከጀመረ ቆይቷል። «በሞቴ»ን ግን ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቀው «ለቁም ነገር አስቀምጬዋለሁ» አለኝ።

ዛሬ ሰው ሰውን የሚጠራው በስልክ መልእክት ነው። «ቅዳሜ ኑ፤ ካልተመቻችሁ ግን ምንም ችግር የለም» ይጻፋል። «አይመቸንም» ይመለሳል። አንዲት አውራ ጣት ትላካለች፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ይህን የሚያደርጉት ሰውን አክብረው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዶሪንም ያን ምሽት አክብራን ነው። ግን በዚህ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው «አይ» ታምኖበት፣ ስኒውን እያዞረ ሁለተኛውን የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ እያልኩ አስባለሁ። ልጆቼን ገና በጊዜው እያስተማርኳቸው ነው። ትንሹ ልጄ ጓደኛውን ብስኩት ሲጋብዝ «አልፈልግም» ቢባል ወገቡን ይዞ እዚያው ይቆማል።

ትናንት ከባቡሩ እንደወረድኩ ለእማማ ደወልኩላቸው። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ አሁንም ያችው ኬኒንግተን፣ ያው የብርቱካን ልጣጭ። «እማማ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ዝይዋ ቤት ልንሄድ ነው» አልኳቸው።

«አይ ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ እኔ አሁን ለመንገድ አልሆንም። እናንተ ሂዱ፣ ተጫወቱ» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ይምጡ።»

«ጉልበቴም እሺ አይለኝ። እኔን ተዉኝ።»

«በሞቴ» አልኳቸው።

ከወዲያ በኩል የካርታ መበወዝ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደረጃ የሌለው ክፍል አላቸው?»

እሱንማ ቀድሜ ይዤዋለሁ፤ በስማቸው፣ ከነእራቱ።